የመሸበት እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን የቅድስት ድንግል ማርያምንና የተወደደ ልጇን ስደት የምታስብባቸው ቀናት ናቸው። በየሰንበቱ ሌሊት ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌውን ሲያደርሱ፣ ምእመናንም ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ሲያድሩ፣ በልባችን የሚመላለሰው ነገር አንድ ነው። ሰማይና ምድር የማይወስኑት አምላክ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ማደሪያ ፍለጋ ተንከራተተ። ሲወለድ በእንግዶች ማረፊያ ቦታ አላገኘም (ሉቃ. 2፥7)። ሕፃን ሳለ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽቶ ግብፅ ወረደ (ማቴ. 2፥13)። አድጎ ሲያስተምርም ራሱን የሚያስጠጋበት እንደሌለው ተናገረ (ማቴ. 8፥20)። ማደሪያ ማጣት ምን እንደሆነ ጌታችን በሥጋው ቀምሶ ያውቀዋል።

እኛ የጣና ዳር ሰዎች ደግሞ ይህን ስደት እንደ ሩቅ አገር ታሪክ አንሰማውም። አባቶቻችን ባወረዱልን ትውፊት እመቤታችን ከልጇ፣ ከአረጋዊ ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር በጣና ቂርቆስ 3 ወር ከ10 ቀን ተቀምጣለች። ጣና ቂርቆስ ያለው ከእኛ ከሐሙሲት ብዙም ሳይርቅ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። እንግዲህ ይህ የምንረግጠው ምድር ማደሪያ ላጣችው እናትና ለልጇ ማደሪያ የሆነ ምድር ነው ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ያኮራልም። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ዛሬስ ይህ ምድር የመሸበትን እንግዳ ያሳድራል?

ቤት የእግዚአብሔር ነው

በገጠር ያደግን ሁሉ የምናውቀው ነገር አለ። መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ይቆምና «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይለዋል። ውሻ ይያዝለታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል። ጠዋት ሲነሣም ስንቅ ቋጥረው፣ መንገድ አሳይተው ይሸኙታል። ለዚህ ሁሉ ማንም ደመወዝ አልከፈላቸውም፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

ይህ ልማድ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአባታችን ከአብርሃም ነው። አብርሃም በቀትር ፀሐይ ከድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ ሦስት እንግዶች ቢያይ ሮጦ ተቀበላቸው፤ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አስመጣ፤ ጥጃ አረደ፤ ሲበሉም ራሱ ቆሞ አስተናገደ (ዘፍ. 18)። ቅዱስ ጳውሎስም እንግዳ መቀበልን እንዳንረሳ ሲመክረን፣ ሳያውቁ መላእክትን ያስተናገዱ ሰዎች እንዳሉ ያስታውሰናል (ዕብ. 13፥2)።

ከተማ ስንገባ ግን ይህ ደግ ልማድ ከአጥር ጋር ተጋጨ። በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት 5 ነፍስ ሆኖ የሚኖር ሰው እንግዳውን የት ያሳድረው? ሌባስ ቢሆን? ክፉስ ቢሆን? ሴት ልጆችስ ያሉበት ቤት? ይህ ሁሉ ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን በሩን ዘግተን «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለውን ቃል ከሀገር ቤት ትዝታ ጋር ብቻ ካስቀመጥነው ከእምነታችን አንድ ትልቅ ነገር ጎደለ።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንድ ቤት ብቻውን ያልቻለውን እንግዳ ብዙ ቤት ተባብሮ ሊያሳድረው ይችላል። መጠለያ ቤት የምንለው ይኸው ነው። ባዕድ ነገር አይደለም፤ የአያቶቻችን መደብና አጎዛ በከተማ መልክ ነው። አንዱ ፍራሹን፣ አንዱ እንጀራውን፣ አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ ገንዘቡን አምጥቶ በአንድነት «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» የሚልበት ቤት ነው።

ዛሬ የመሸበት ማነው?

ወገኖቼ፣ ነዳያን ስንል ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚሄደው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወደተቀመጡት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕፃናት ነው። እነርሱን መርዳት ተገቢ ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናልን። ነገር ግን በመካከል የሚያልፈን አንድ ነዳይ አለ። እሱም 18፣ 20፣ 23 ዓመት የሞላው ወጣት ነው።

ከደራ፣ ከፎገራ፣ ከእስቴ፣ ከጎጃምም ገጠሮች ወጣቶች ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ሐሙሲት የሐሙስ ገበያ ከተማ ከመሆኗም በላይ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው አስፋልት ላይ ስለሆነች፣ የሚሄዱትንም የሚመለሱትንም እናያቸዋለን። ለምን ይሄዳሉ? የአባት መሬት ለአምስት ወንድማማች ሲከፋፈል ለታናሹ ምንም ስለማይደርሰው ነው። ፈተናም አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የቀሩት ከ100ው 96 እና 97ቱ ወዴት ይሂዱ? በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልላችን የተነሣው ግጭት ብዙ ቤት በትኗል፤ ብዙ ልጅ ከትምህርቱና ከወላጁ ለይቷል።

ከተማ የገባው ወጣት ቀን ቀን ሸክም ይሸከማል፣ ሲሚንቶ ያቦካል፣ ጫማ ይጠርጋል፤ በወቅቱም ወደ ፎገራ ሜዳ ወርዶ ሩዝ ያርማል፣ ያጭዳል። ሥራ ከተገኘ ለሌሊቱ አልጋ ይከፍላል፤ ካልተገኘ ግን በረንዳ ላይ ያድራል። በረንዳ ያደረ ልጅ ደግሞ የያዘውን ሳንቲም ሌሊት ይቀማል፤ ልብሱ ይቆሽሻል፤ ጠዋት ሥራ ፍለጋ ሲቆም ቀጣሪው ልብሱን አይቶ ያልፈዋል። እንዲህ እያለ አንድ ሌሊት ሁለት፣ ሁለቱ ወር ይሆናል። ብርዱን ለመርሳት ማስቲሽ ያቀመሰው ጓደኛ ካገኘ ደግሞ መመለሻው ይርቃል።

የበለጠ የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ፣ አሁን ደግሞ የሚኖርበት ቤት ይጠየቃል። ቀጣሪውም መታወቂያና ተያዥ ይላል። ቤት ስለሌለው መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ ስለሌለው ሥራ የለውም፤ ሥራ ስለሌለው ቤት የለውም። ይህን ክብ ብቻውን የሚሰብር ጉልበት ያለው ወጣት የለም። ከውጭ የሚሰብርለት እጅ ያስፈልገዋል።

ሌላም አለ። ክረምቱ ወጥቶ አበባው በሚፈካበት በዚህ ወራት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በሐይቃችን ዙሪያና በፎገራና በደራ ሜዳ ወባ ይበረታል። እኛ አጎበር ዘርግተን እንተኛለን። በረንዳ ላይ የተኛ ልጅ አጎበሩን ከምን ላይ ይሰቅለዋል? እኛ ለስደተኛዋ እናት አበባ እያነሣን በምናመሰግንበት ሌሊት እሱ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ሴት እህቶቻችን ላይ የሚደርሰውንማ በዝርዝር መጻፍ ይከብዳል፤ ሌሊት ደጅ የቀረች የ19 ዓመት ልጅ ምን እንደሚጠብቃት እናቶች ታውቁታላችሁ።

«ጉልበት አለው፣ ይሥራ»

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንናገረው ቃል አለ። «ወጣት አይደለም እንዴ? ጉልበት አለው፣ ይሥራ!» እንላለን። ቅዱስ ጳውሎስም ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል እያልን እንጠቅሳለን (2ተሰ. 3፥10)። ልብ እንበል! ሐዋርያው የተናገረው ሊሠራ ስለማይወደው ነው። ሊሠራ እየወደደ ስላጣው አልተናገረም። ሁለቱን ለይቶ ማየት የክርስቲያን ግዴታ ነው።

ጌታችን በወንጌል የተናገረውን የወይን አትክልት ባለቤት እናስታውስ (ማቴ. 20፥1-16)። ባለቤቱ በ11ኛው ሰዓት ወደ ገበያ ወጥቶ ሥራ ፈትተው የቆሙ ሰዎችን አገኘ። ለምን ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ብሎ ጠየቃቸው። እነሱም የቀጠረን የለም አሉት። «ሰነፎች ናችሁ» አላላቸውም። ወደ አትክልቱ አስገባቸው፤ ሲመሽም ከማለዳ ጀምረው ከሠሩት ጋር እኩል ከፈላቸው። የዕለት እንጀራ ለአንድ ሰዓት ሠራተኛም ያው የዕለት እንጀራ ነውና። ዛሬም በየከተማችን ማለዳ አካፋና ዶማ ይዘው የሚቀጥራቸው የሚጠብቁትን ወጣቶች ስናይ ይህ ወንጌል ሊታወሰን ይገባል።

ደግሞስ ቤተ ክርስቲያናችን ወጣት ማስጠጋትን መቼ ታጣዋለች? የቆሎ ተማሪን አስቡት። ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ከማያውቀው ደብር ይመጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ጎጆ ይቀልሳል። አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም እናቶች ቁራሽ ይሰጡታል። ብዙዎቹ የ18፣ የ20፣ የ25 ዓመት ጎልማሶች ናቸው። «ጉልበት አለህ፣ ሂድና ሥራ» ያላቸው የለም። ለምን? ነገ ቄስ፣ መሪጌታ፣ የቅኔ መምህር እንደሚሆኑ ስለምናምን ነው። ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ዲያቆንም ፊደል የቆጠረው፣ ዳዊት የደገመው በእናንተ ቁራሽ ነው። እንግዲህ በአብነት ተማሪው ላይ ያለንን ተስፋ በረንዳ አዳሪው ላይ ለምን አጣነው? እሱስ ነገ አናጢ፣ ሹፌር፣ መምህር፣ የቤተሰብ አባት አይሆንም ያለን ማነው?

በአገራችን ሕግ 18 ዓመት የሞላው ሰው አካለ መጠን እንዳደረሰ ይቆጠራል። ሕፃናትን የሚያሳድጉ ድርጅቶች እጅም አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥረው እዚያው ላይ ነው። የእኛ ልጅ 18 ሲሞላው ከቤት እናስወጣዋለን? አናስወጣውም። «ልጄ፣ እስክትቋቋም ከእኛ ጋር ሁን» እንለዋለን። ወላጅ ለሌለው ይህን ቃል የሚናገርለት መጠለያ ያስፈልገዋል።

የደጉ ሳምራዊ ሦስት ሥራዎች

ታዲያ እንዴት እንርዳ? መልሱን ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ አስቀምጦልናል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አይተው አለፉት። ሳምራዊው ግን ሦስት ነገር አደረገ።

1ኛ. በእጁ ሠራ። ወርዶ ቁስሉን አጠበ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጭኖ ወሰደው። ይህ ዛሬ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የምንለው ነው።

2ኛ. ገንዘቡን ሰጠ። ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ። ልብ በሉ፣ የቆሰለውን ሰው ዕድሜ ልኩን ብቻዬን እይዛለሁ አላለም፤ ማደሪያ ወዳለው ሰው ወሰደው። በማደሪያው ያለው ጠባቂም ያለ ዲናሩ ሊያስታምመው አይችልም። መጠለያና ለጋሽ እንዲህ ይፈላለጋሉ።

3ኛ. ተመልሶ እመጣለሁ አለ። የጎደለ ካለ ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ገባ። አንድ ቀን ሰጥቶ መጥፋት አልፈለገም። የእኛ ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው። ለበዓል ቀን ዳቦ እናድላለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ በማግስቱ ግን የለንም። መጠለያ ቤት በበዓል ቀን ብቻ አይበላበትም፤ በየቀኑ ይበላበታል።

እነዚህን ሦስቱን አስተባብረው የኖሩ ብዙ ምስክሮች አሉን። በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ረሀብ በገባ ጊዜ ርስቱን ሸጦ ድሆችን በራሱ እጅ አብልቷል። ኋላም በቂሳርያ ከተማ ዳርቻ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ትልቅ ማረፊያ አሠርቷል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ምእመናን በየቤታቸው ለእንግዳ የሚሆን ማደሪያ እንዲያዘጋጁ ያስተምር ነበር። ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ቤት አላት ብለው ራሳቸውን ነፃ የሚያደርጉትንም ይገሥጽ ነበር። ይህ ለእኛ ነው! ገንዘብ ለመጠለያ ሰጥተናል ብለን እጃችንን መሰብሰብ አንችልም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ዶክተር አበበች ጎበናን እናገኛለን። በ1973 ዓ.ም. ገደማ ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በወሎ ረሀብ የወደቁ ወገኖችን አዩ። ለበረከት ጠበል ሊያመጡ የሄዱት እናት ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ከቤታቸውና ከልጆቹ ምረጪ ሲባሉ ልጆቹን መረጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሺህ ወላጅ አልባ ልጆች እናት ሆነው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል። የግሸን መንገድ ስንቱ ሄዶበታል! በመንገዱ ዳር የወደቀውን ያነሡት ግን እሳቸው ናቸው። ንግሥና ምጽዋት ሲገናኙ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራሉ።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ቢንያም በለጠ በቤተሰቦቻቸው ቤት ጥቂት ሰዎችን በማስጠጋት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ጀመሩ። ዛሬ ማዕከሉ ከጎዳና ያነሣቸውን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ይጦራል። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው ቃሉም በየሰው አፍ ገብቷል። እዚያ ለማገልገል የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ አረጋዊ ያጥባል፣ አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ልብስ ያጥባል። ስሙን ስንሰማ የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናት ይታወሱናል። እነሱ በጽኑ ድህነት ውስጥ ሆነው ከዐቅማቸው በላይ ሰጡ፤ ከገንዘቡም በፊት ራሳቸውን ሰጡ ይላል ሐዋርያው (2ቆሮ. 8፥1-5)። «ለእኔስ ማን ሰጠኝ?» ለምንል ድሆች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ፣ ሶሆ በተባለ ሰፈር፣ በቅድስት ሐና ስም በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ አንድ ቄስና በጎ ፈቃደኞች ጎዳና ለወደቁ ወጣቶች የሌሊት ማደሪያ ከፈቱ። ሴንተርፖይንት ይባላል። እስከ ዛሬም ከ16 እስከ 25 ዓመት ያሉ ቤት አልባ ወጣቶችን ያስጠጋል። የተጀመረው በሕንፃ አይደለም፤ በአንድ ምድር ቤትና በፈቃደኛ እጆች ነው። የሀብታም አገር ልጅም ቤት ያጣል ማለት ነው፤ የሀብታም አገር መጠለያም የሚጀምረው ከፈቃድ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ወገኖቼ፣ ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም፤ ወደን የምንጾመው ነው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም ስሙ እንደሚናገረው ወደን የምንሠራው ነው። የፈቃድ ጾም ከፈቃድ አገልግሎት ጋር ቢጣመር እንዴት ያማረ ነው! ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የሚመርጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውንም ድሃ ወደ ቤት ማስገባት እንደሆነ አስረድቶናል። እንግዲህ በዐቅማችን የሚሆነውን በዝርዝር እንይ።

ከማዕዳችን የተረፈውን እንቁጠር። በጾም ቀን ቁርሱን፣ ወተቱን፣ እንቁላሉን እንተዋለን። የተረፈው ገንዘብ የት ገባ? ከኪሳችን ከቀረ ጾሙ ቁጠባ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን 10 ብር ብቻ ቢያስቀምጥ በ40 ቀን 400 ብር ይሆናል። 12 አባላት ያሉት የጽዋ ማኅበር 4,800 ብር ያወጣል። 100 አባወራ ያለበት ሰንበቴ ደግሞ 40,000 ብር። ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ አጎበርና ሳሙና ከዚህ ይወጣል። ማንም ሳይደኸይ!

ገንዘብ የሌለን እጅ አለን። እናቶች ሊጥ ማቡካት፣ እንጀራ መጋገር ትችላላችሁ። ነርስ የሆነ በሳምንት አንድ ምሽት ቁስል ይይ፤ ትኩሳት ያለውን ለወባ ምርመራ ጤና ጣቢያ ያድርስ። መምህር የሆነ ትምህርት ያቋረጠውን ያስጠና። ፀጉር ቆራጩ ጠዋት ሥራ ፍለጋ የሚወጣውን ልጅ ያስተካክለው፤ ንጹሕ ሆኖ የቆመን ሰው ቀጣሪ ያየዋል። አናጢው፣ ብየዳ ሠሪው አንድ ወጣት ከጎኑ አቁሞ ሙያ ያሳየው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደግሞ ቢያንስ አብራችሁት ተቀመጡ፣ በስሙ ጥሩት። በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ «አንተ» እና «ሂድ» ከሚሉት ቃላት በቀር የሚሰማው ስም የለውም።

ተያዥ እንሁን። ይህ ከገንዘብ ሁሉ ይበልጣል። መጠለያ የገባ ወጣት አድራሻ አገኘ ማለት ነው፤ መታወቂያ ለማውጣት መንገድ ተከፈተለት። የቀረው «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ነው። በችኮላ ሳይሆን ጠባዩን አይተን፣ በመጠለያው ያሉትን ጠይቀን፣ ለአንድ ልጅ አንድ ተያዥ ብንሆን ያ ክብ ይሰበራል።

አስተውለን እንስጥ። በምጽዋት ስም የሚነግድ አይጠፋም። ስለዚህ የምንሰጠው ድርጅት በሕግ የተመዘገበ መሆኑን እንጠይቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምዝገባና ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ደረሰኝ እንቀበል። ሄደን እንይ፤ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ የሚያድሩበት፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ያለበት መሆኑን እናረጋግጥ። መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያትም ማዕዱን ለማገልገል ሲያስቡ በመልካም የተመሰከረላቸውን፣ ጥበብ የሞላባቸውን 7 ዲያቆናት አስመረጡ እንጂ ያገኙትን አላቆሙም (ሐዋ. 6፥1-6)። እኛ ዲያቆናትም ክህነታችን የጀመረው ከማዕድ አገልግሎት መሆኑን መርሳት የለብንም። ግን ደግሞ «ሌባ ሊሆን ይችላል» የምትለዋ ቃል ላለመስጠት ምክንያት እንዳትሆነን እንጠንቀቅ።

ክብሩን እንጠብቅለት። ያረጀውንና የተቀደደውን ሁሉ ለመጠለያ አንስጥ፤ ለራሳችን ልጅ የማናለብሰውን ልብስ ለክርስቶስ አናልብሰው። ቀኝ እጃችን የምትሰጠውን ግራችን አትወቅ ተብለናልና (ማቴ. 6፥3) የልጁን ፊት ፎቶ አንሥተን አናሳይ። ነገ ሰው ሲሆን ያ ፎቶ ያሳፍረዋል።

በአካባቢያችን መጠለያ ከሌለስ? አይዟችሁ፣ ማኅበርና ሰንበቴ፣ ዕድርና ዕቁብ ያለው ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የምንተክል፣ ወንበር የምንደረድር፣ ለሦስት ቀን ሐዘንተኛ የምናበላ ሰዎች ነን። ይህን ሁሉ ለሞተ ሰው የቻልን በሕይወት ላለ ወጣት አንድ ቤት ተከራይተን አምስት ፍራሽ ማንጠፍ ያቅተናል? የሰበካ ጉባኤያችሁን፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችሁን፣ የዕድራችሁን ሰብሳቢ በዚህ ጾም አነጋግሩ። በአንድ ክፍልና በአምስት ልጆች ይጀመር። መቄዶንያም በጥቂት ሰዎች፣ እማማ አበበችም በሁለት ሕፃናት ነው የጀመሩት።

በመጨረሻም

የተወደዳችሁ፣ በመጨረሻው ቀን ጌታችን የሚጠይቀን ጥያቄ ተነግሮናል፤ ፈተናው አስቀድሞ የተሰጠን ተማሪዎች ነን። እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ ወይስ አልተቀበላችሁኝም? ነው የሚለን (ማቴ. 25፥35-43)። ያን ጊዜ ጻድቃን መቼ አይተንህ ብለው ይደነቃሉ፤ ኃጥአንም መቼ አይተንህ ብለው ይደነቃሉ። ሁለቱም አላወቁትም ነበር። ልዩነታቸው አንዱ ሳያውቀው በሩን መክፈቱ፣ ሌላው ሳያውቀው መዝጋቱ ነው። እኛም ክርስቶስ በየትኛው ልጅ ተመስሎ ከደጃችን እንደቆመ አናውቅምና በሩን እንክፈት።

በስደቷ ወራት እመቤታችንን የተቀበሏት ነበሩ፤ ያባረሯትም ነበሩ። የተቀበሏት ለአንዲት ምስኪን እናት ውኃና ጥላ የሰጡ መስሏቸው ነበር። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ሲደርስ፣ ከስደት የመመለሷን ደስታ ስናከብር፣ በዚያ ቀን ቢያንስ አንድ ወጣት ከበረንዳ ወደ ቤት የተመለሰ እንዲሆን እንትጋ። ያኔ «እንኳን አደረሳችሁ» ስንባባል እሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይለናል።

ማደሪያ ያጣውን በምሕረቱ የሚሰበስብ አምላካችን ልባችንን ለእንግዳ የተከፈተ ቤት ያድርግልን። ጎዳና ያሉ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ከብርድና ከወባ፣ ከክፉ ሰውም ይጠብቅልን። የስደተኛዋ እናት የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የሕፃኑ ሰማዕት የቅዱስ ቂርቆስ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።